ያልታደሰው ገጽ

የኔሰው ሞጣ ባለው የኢንተርኔት ቤቱ፣ ኮምፒውተሩ ፊት እንደተቀመጠ በኬብል ታንቆ ረፋዱ ላይ ተገኘ። ሬሳውን ያየችው ሠራተኛው ዑሙሰልማ ወዲያው ታሰረች። ከእሷ ሌላ ቁልፍ ያለው ሸሪኩ ሰማው ነበር፤ እሱ ግን ጠዋቱን ቢቸና ነበርኩ ብሏል።

መርማሪዋ ትርሲት ጣቢያ ስትደርስ ዑሙሰልማ የእምነት ቃሉን ወረቀት ወደ አዛዡ መልሳ ትገፋ ነበር።

«ፈርሚና ተገላገይ» አላት አዛዡ።

«ያልገደልኩትን ገደልኩ ብዬ? እጄን ይቁረጡት! ሰማውን ጠይቁት። የሴት ደንበኞችን ፎቶ እየቀዳ ሲያስፈራራ የኔሰው ደርሶበት ሊከሰው ነበር።»

«ምላሷን አየሽልኝ?» አለ አዛዡ ወደ ትርሲት ዞሮ። «መዝገቡን ዛሬ ዝጊው።»

«እውነቱ ሳይገኝ አልዘጋም፣ ጌታዬ። ከፈለጉ እኔንም ከእሷ ጋር ይቆልፉብኝ።»

ትርሲት ሰማውን ለብቻው አስቀመጠችው።

«ቢቸና ምን ስትሠራ ነበር?»

«የወይንእሸት ኢንተርኔት ቤት ገብቼ የእሑዱን የኳስ ጨዋታ ማስታወቂያ አነበብኩ። ሞጣ ሜዳ ነው ይላል።»

«ዛሬ ጠዋት?»

«ዛሬ ጠዋት፣ በዓይኔ በብረቱ!»

ትርሲት ቢቸና ደርሳ ተመለሰች። አመሻሽ ላይ ዑሙሰልማንም ሰማውንም አዛዡንም የኔሰው በሞተበት ቤት ሰብስባ የኢንተርኔት መስመሩን ገመድ ነቀለችና በየኔሰው ኮምፒውተር የማስታወቂያውን ገጽ ከፈተች። «ጨዋታው ሞጣ ሜዳ ነው» ይላል።

«ያለ መስመር?» አለ አዛዡ።

«የኔሰው ትናንት ማታ ከፍቶት ብሮውዘሩ፣ ገጽ የሚከፍተው ፕሮግራም፣ ቅጂውን አስቀርቷል። ገጹ ያለበት የሩቁ ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ ገጽ ሲልክ ለስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ አብሮ ይናገራል። ጊዜው እስኪያልፍ ብሮውዘሩ ተመልሶ አይጠይቅም፤ ያስቀረውን ያሳያል።» ገመዱን ሰክታ ገጹን አደሰችው። «ጨዋታው ወደ ቢቸና ተዛውሯል» የሚል መጣ። «ይህ የተለወጠው ዛሬ ጎህ ሲቀድ ነው።»

ሰማው ሳቀ። «እኔም ያየሁት የቆየ ቅጂ ይሆናላ፣ እቴ!»

«ወይንእሸት ሁልጊዜ ጠዋት ቤቷን ከመክፈቷ በፊት በየኮምፒውተሩ ብሮውዘር የተቀመጠውን ቅጂ ሁሉ ታጠፋለች፤ የአንዱ ደንበኛ ጉዳይ ለሌላው እንዳይታይ። ዛሬም አጥፍታለች። ባዶ ብሮውዘር ሰርቨሩን ከመጠየቅ ሌላ ምርጫ የለውም። እዚያ ከፍተኸው ቢሆን ኖሮ ቢቸና ይልህ ነበር።»

«ሰው... ሰው ነግሮኝ ነው።»

«በዓይኔ በብረቱ ብለሃል። ዛሬ ጠዋት ያንን አሮጌ ገጽ ያነበብከው ከዚህ ስክሪን ላይ፣ በየኔሰው ትከሻ ላይ አሻግረህ ነው።»

ሰማው ስክሪኑን ሊያይ ቀና አለና ዓይኑን ሰበረ። አጠገቡ የቆመው ፖሊስ እጁን ያዘው።

አዛዡ የዑሙሰልማን ካቴና ፈታ። «በይ ልጄ፣ ቤትሽ ግቢ።»

«መጀመሪያ ያንን ወረቀት እዚሁ ይቅደዱልኝ።»

አዛዡ ትርሲትን አየ፤ ትርሲት ዓይኗን ከእሱ አልነቀለችም። ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ ለሁለት ቀደደው።

«ይድገሙት» አለች ዑሙሰልማ።