ዶን ኡልፒያኖ ወደ ወደቡ በምን ሊሄዱ ነበር?

ዶን ኡልፒያኖ ሴዴኞ ሞተው ያገኛቸው አብዲኤል ነው፤ ካቴናው የገባውም እሱ እጅ ላይ ነው። ቤተሰቡ በመርከብ ሽርሽር ሊሄድ በተነሣበት ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቤቱ ወስዶ ቻርጅ ሲያደርገው ያደረውን የዊልቸር ባትሪ ታቅፎ ቤታኒያ ሰፈር ወደሚገኘው ቤታቸው ገባ። ሽማግሌው አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተኝተዋል። «ካፒቴን፣ መርከቡ ጥሎዎት ሊሄድ ነው እኮ!» ብሎ ትከሻቸውን ሲነካቸው በረዶ ሆነዋል። ጩኸቱ ሰፈሩን ቀሰቀሰው።

መርማሪዋ ኤኔዳ ሳማኒዬጎ ከሐኪሙ ጋር ስትደርስ አብዲኤል ማድ ቤት በር ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ኤኔዳ አጭር፣ ደንዳና፣ ጡረታ ልትወጣ ሦስት ወር የቀራት ሴት ናት። ሐኪሙ ብዙም አልቆየ፤ ከራስጌ ያለው ብርጭቆ ሥር የነጭ ዱቄት ዝቃጭ አሳያት። የሚስታቸው የዶኛ ሶራይዳ የእንቅልፍ ኪኒን ማሸጊያም ባዶውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ተገኘ።

«ብርጭቆው ውስጥ ምን ነበር?» አለች ኤኔዳ።

«ቺቼሜ!» አለ ቤቶ፣ የሟቹ የወንድም ልጅ፤ የበቆሎና የወተት መጠጥ ማለቱ ነው። ሰላሳዎቹን ያጋመሰ ዘናጭ ነው፣ ፔዳሲ ባለው የአጎቱ መሬት ላይ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ይሠራል፤ አሁን ግን ሰዓቱን በየደቂቃው ያያል። «ማን አመጣው? ይሄው ሰውዬ! ትናንት ማታ ከቾሬራ አንድ ጆግ ሙሉ ይዞ መጣ። ከሥራ ስለቀነስነው ቂም ይዞ ነው።»

አብዲኤል፣ እግዚአብሔር ይወቅለት፣ ተቀይሞ ነበር። በየሐሙሱ አራት ዓመት ሙሉ ሽማግሌውን ከአልጋ አንሥቶ ዊልቸራቸው ላይ አስቀምጦ፣ መወጣጫ ባለው ቫኑ ወደ ሕክምና ሲያመላልሳቸው ኖሯል። ወደ ኮሎን ወደብም እሱ ሊያደርሳቸው ከወር በፊት ተስማምተው ነበር። ትናንት አስር ሰዓት ላይ ግን ቤቶ ደውሎ «አጎቴ ሌላ መኪና መርጠዋል፣ ነገ አትልፋ» አለው። ቂም የያዘ ሰው ወንጀለኛ ይሆናል ካሉ፣ እሱ ወንጀለኛ ነው።

ኤኔዳ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«ቀንሰውሃል። ታዲያ ዛሬ ለምን መጣህ ወንድሜ?»

«ለባትሪው ነው እመቤቴ። ማታ አንድ ሰዓት ላይ ቃል የገባሁላቸውን ቺቼሜ ሳደርስ ባትሪውን ነቅዬ ወሰድኩት፤ የቤታቸው ቻርጀር ተቃጥሏል። ያለ ባትሪ ያ ዊልቸር ብረት ነው፤ አይታጠፍ፣ አይሸከሙት።»

«ከዚያ በኋላ አውርተሃቸዋል?»

«አንድ ጊዜ ደወሉልኝ። ስለ ባትሪው ብቻ ነው ያወራነው።» ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ኤኔዳ ተነሥታ ሳሎን ገባች። ዶኛ ሶራይዳ፣ የሟቹ ሁለተኛ ሚስት፣ ሶፋው ላይ ተዘርግታ ታለቅሳለች። የካፒቴኑ ልጅ ማሩኬል፣ የፔዳሲ መሬታቸውን ሊያዞሩላት የነበረች የዳቪድ ከተማ አስተማሪ፣ አባቷን የምታለብሰውን ነጭ ሸሚዝ ጨምድዳ ይዛ ቆማለች።

«ዶኛ፣ ከጆጉ እርስዎ ቀምሰዋል?»

«መቅመስ? ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ! ማሩኬልም ጠጥታለች።»

«እንቅልፍ ወሰዳችሁ?»

«ምኑን! ሻንጣ ስከፍት ስዘጋ አይደል ያደርኩት።»

«እንግዲህ ጆጉ ንጹሕ ነው» አለች ኤኔዳ ለራሷ ያህል። «የካፒቴኑን ብርጭቆ ማን ወሰደላቸው?»

«እኔ ማድ ቤት ዕቃ ሳጥብ ቤቶ ወሰደላቸው» አለች ማሩኬል። ቤቶ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ደረቅ ነበር። «ብርጭቆ ማድረስም ወንጀል ሆነ? ዱቄቱን የጨመረ ሰው ማንም ሊሆን ይችላል። ያ ሾፌር ሲመጣ ሲሄድ ነበር።»

«ትክክል ነህ ልጄ፣ አትቆጣ። ለመሆኑ ወደ ወደቡ በምን ልትሄዱ ነበር?»

«ምን አገናኘው?»

«ለማወቅ ነው። እኔ ቢሆን አውቶቡስ ነው የምይዘው።»

ቤቶ ትከሻውን ነቀነቀ። «ሴቶቹ ሁለት ሰዓት ላይ በታክሲ ይቀድማሉ። ሰልፉ ረጅም ነዋ! እኔና አጎቴ አምስት ሰዓት ላይ መወጣጫ ባለው ሌላ ቫን እንከተላለን።»

«እንደዚያ ነው ያለን» አለች ሶራይዳ። «ሽማግሌው ጠዋት እንዳይቀሰቀስ፣ ይረፍ ብሎ።»

«የቫኑን ስልክ ትሰጠኛለህ?»

«ጓደኛዬ ነው ያገኘልኝ... እሱ ጋ ነው ያለው።»

ኤኔዳ በሩ አጠገብ የተደረደሩትን አራት ሻንጣዎች ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ ነካካቻቸው። የሦስቱ እጀታ ላይ የካቢን ቁጥር ያለበት ወረቀት ተሰክቷል፤ ወደብ ላይ ተሸካሚዎቹ ያለ እሱ ሻንጣ አይቀበሉም። አራተኛው፣ የሽማግሌው አሮጌ ቡናማ ሻንጣ፣ ምንም የለበትም።

«ወረቀቶቹን ማን አተማቸው?»

«እኔ። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ። ቀለም አለቀብኝ» አለ ቤቶ ፈጥኖ።

ያኔ ውጭ ጥሩምባ ጮኸ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ሁለት ሰዓት ሆኗል። ቤቶ ተስፈንጥሮ ተነሣ፤ ኤኔዳ ግን ቀድማው ደጅ ወጣች። ማድ ቤት በር ላይ ያለው አብዲኤል አንገቱን አስግጎ አያት። ታናሽ ቢጫ ታክሲ ናት፤ የአብዲኤል ቫን ሆድ ውስጥ ትገባለች።

«ማነው የጠራህ?»

«ሴኞር ኤዲልቤርቶ የሚባል ሰው» አለ ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፤ የቤቶ ሙሉ ስም ነው። «ትናንት ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ። ሦስት ሰው፣ ሦስት ሻንጣ፣ ወደ ኮሎን ወደብ። ቶሎ በሉ እንጂ፣ መንገዱ ይዘጋል!»

ኤኔዳ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበች፤ አብዲኤልንም በካቴናው አስመጣችው። ቆማ ነው የተናገረችው፣ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ።

«እስቲ አብረን እናስብ። ኪኒኑ ጆጉ ውስጥ አልነበረም፤ ጆጉን የጠጡት እነሆ ቆመዋል። ስለዚህ ብርጭቆው ውስጥ ነው። ብርጭቆውን የወሰደው ቤቶ ነው፤ ይሄ ብቻውን አያስይዘውም። አሁን መኪናዎቹን እንቁጠር። ቤቶ ከአጎቴ ጋር ቀርቼ እከተላለሁ አለኝ። ታክሲው ግን የተጠራው ለሦስት ሰው ነው። ሁለቱ ሴቶች፣ ሦስተኛው ማነው?»

ኤኔዳ ወደ ቤቶ ዞረች።

«ሦስተኛው ራሱ ነው። ታዲያ አምስት ሰዓት ላይ ካፒቴኑን ማን ሊያመጣ ነው? ቫን የለም። ስልክ የሌለው ቫን አላውቅም። ለሻንጣቸውም ወረቀት አላተመም፤ ይህ ሁሉ ቺቼሜው ከመምጣቱ በፊት ነው። ኪኒኑ ገና ሳይፈጭ ቤቶ ካፒቴኑን ከተሳፋሪ ቁጥር ቀንሷቸዋል።»

«አብዲኤልንስ ለምን ቀነሰው?» አለች ማሩኬል በደከመ ድምፅ።

«አብዲኤል በር ላይ ቆሞ ጥሩምባ አይነፋማ! አልጋ ድረስ ገብቶ ያነሣቸዋል። ሌላ ሾፌር ቢሆን «ተኝተዋል፣ ይረፉ» ይባላል፤ እናንተም በመሄጃ ቀን ጥድፊያ ታምናላችሁ። ወደቡ ላይ «ቫኑ ተበላሽቷል፣ ነገ በሚቀጥለው ወደብ ያገኙናል» ትባላላችሁ፤ መርከቡም አስር ሰዓት ላይ ይሄዳል። ፔዳሲ ያለውን መሬት ለልጃቸው ሊያዞሩ ነበር አይደል? ማነው እዚያ የእንግዳ ማረፊያ ቤት እየሠራ ያለው?»

ቤቶ ወደ በሩ ተመለከተ። በሩ ላይ ፖሊስ ነበር። «ባትሪውን ተሸክሞ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም» አለና ሶፋው ላይ ተቀመጠ።

ካቴናው ከአብዲኤል እጅ ወጥቶ ቤቶ እጅ ላይ ገባ። ወሰዱት። አብዲኤል ግን ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም፤ የእጁን አንጓ ያሻሻል።

«ነፃ ነህ ወንድሜ» አለች ኤኔዳ።

«ማታ ሲደውሉልኝ ቺቼሜው ገና አልተቀዳልኝም ብለውኝ ነበር» አለ። «ለምን ተዉኝ ብዬ ብጠይቃቸው ኖሮ፣ ማን ተወህ ብለው ቤቱን በጩኸት ያናጉት ነበር። እኔ ግን ኮራሁ። እሺ ካፒቴን፣ አመጣለሁ ብዬ ዘጋሁት።»

 ማሩኬል መጥታ አጠገቡ ቆመች።

«አባቴ እኔንም ጠይቆኝ ነበር» አለች። «ፂሙን ስላጨው አብዲኤል ስንት ሰዓት ይመጣል አለኝ። ቤቶ፣ አብዲኤል መቅረቱን አባትሽ እንዳይናደድ አትንገሪው ብሎኝ ነበርና፣ ተኛ አባዬ፣ ነገ ትደርስበታለህ አልኩት። ሻንጣዬ አልዘጋ ብሎኝ ነበር።»