የአርክቴክቱ ሚስት ወንበር

ይሄ የደረሰው በእኔው ላይ ነው። ሰው የነገረኝ ወሬ አይደለም፣ ሕልምም አይደለም።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ቦታው የገዛ ሳሎኔ።

ጨለማ አልነበረም። መብራት አልጠፋም። በትልቁ መስኮት የገባው ፀሐይ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል፣ ጎረቤት ሬዲዮ ከፍቶ ልብስ ይተኩሳል...

እኔም እንደናንተ ክፉ ነገር ጨለማ ጠብቆ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

የምጽፈው በተውሶ ስልክ ነው። አሁን ያለሁበት ቤት ሠራተኛ ልብስ አስጥታ እስክትመለስ ብቻ ነው ጊዜ ያለኝ። እዚህም እዚያም ብስት አትፍረዱብኝ።

እኔና ባሌ የድሮ የቤት ዕቃ ሰብስበን፣ አድሰን እንሸጣለን። ድሮ ስላችሁ የነገሥታት ዙፋን እንዳይመስላችሁ። ወላጆቻችን ጎጆ ሲወጡ ፋሽን የነበረው ነው። ዝቅ ያለ ሶፋ፣ ሸንቃጣ እግር ያለው ቡፌ፣ ምንም ጌጥ ያልተቀረጸበት የመሃል ጠረጴዛ፣ አንገቱን ያቀረቀረ የቁም መብራት። ሰው አንድ ሰሞን አሮጌ ነው ብሎ ጓሮ ወረወረው። አሁን የልጅ ልጁ መጥቶ እየለመነ ይገዛዋል።

እንጨቱ የባሌ ሥራ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ ዘይት አጠጥቶ፣ ነፍስ ይዘራበታል። ስፖንጁና ጨርቁ የእኔ ነው።

ሱቅ የለንም። ሱቃችን ቤታችን ነው። ደንበኛ የወደደውን ከሳሎናችን አስነስቶ ይሄዳል። ቁርስ የበላሁበት ጠረጴዛ ላይ ምሳ ያልበላሁበት ቀን ብዙ ነው።

"እኔን ብቻ ነው ያልሸጥከኝ" እለዋለሁ።

"ገዢ የት ተገኝቶ?" ይለኛል።

እንስቃለን። በጣም እንዋደድ ነበር... ወይም እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

አንድ የሥራ ልማድ ደግሞ አለን። አዲስ ስፖንጅ ደረቅ ነው፣ የተቀመጠበትን ሰው ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ ወንበሩን አልብሼ ስጨርስ እኔ ራሴ በየቀኑ እቀመጥበታለሁ። መጽሐፍ ይዤ፣ ወይ አዝራር እየተከልኩ። ስፖንጁ ይለሰልሳል፣ ወንበሩም የተኖረበት ይመስላል። "ማለማመድ" እንለዋለን።

እንዲህ ስንኖር አርክቴክቱ መጡ።

ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው የሞቱባቸው። ኮታቸው የተተኮሰ፣ ጫማቸው የሚያበራ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ባሌ ቤታቸውን ሄዶ ካየ ጀምሮ እህል አልበላም ማለት ይቻላል።

"ከበሩ እጀታ እስከ መጋረጃው ዘንግ ድረስ እንዳለ ነው! አንድ ነገር አልተነካም!" ይላል። "እንዳለ እኮ ነው የምልሽ!"

ዕቃቸውን ለማንም ሸጠው አያውቁም። እኛ ጋ ግን ጥንድ ወንበር አምጥተው ሳሎናችን ውስጥ ፊት ለፊት አስቀመጡ። አንዱ የእሳቸው፣ አንዱ የሚስታቸው። የሚስታቸው ወንበር ጨርቅ እንዲቀየር ነው የፈለጉት። ሥራው ደስ ካሰኛቸው የቀረውን የቤት ዕቃ በሙሉ ለባሌ ይለቁለታል።

የሚስትየዋን ወንበር ገልብጬ የጨርቁን ስፌት መተርተር ስጀምር ባሌ ከኋላዬ መጥቶ ቆመ።

"አሮጌውን ስፖንጅ እንዳታወጪው።"

"ምን?"

"እዚያው ይቆይ። አዲሱን ከላዩ አድርጊበት። ሽማግሌው እንዳይነካ ብለዋል።"

"አንተ ሰውዬ፣ የሞተ ስፖንጅ ላይ አዲስ ማን ይደርባል? ሙያዬን ልታሰድብብኝ ነው?"

"በናትሽ... ለእኔ ብለሽ።"

"ለእኔ ብለሽ" ካለኝ እምቢ ብዬው አላውቅም። ደረብኩበት።

ከመስፋቴ በፊት ግን እጄን አሳረፍኩበት። መሃሉ ሰርጉዷል። ጠበብ ያለ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ የሰው መቀመጫ ቅርጽ ነው።

ሞቃት ነበር።

የፀሐይ ሙቀት ነው ብዬ አለፍኩት። ወንበሩ የነበረው ግን ጥላ ውስጥ ነው...

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ እየተቀመጥሽ አለማምጂው" አለኝ ባሌ።

"ለምን ዘጠኝ?"

"እንዲሁ። ያን ሰዓት ብርሃኑ ጥሩ ነው።"

ለመቀመጥ ምን ብርሃን ያስፈልጋል? አልጠየቅኩትም። ሴት ባሏን በነገር ሁሉ አትመረምርም።

መጀመሪያ ተመቸኝ። ከልክ በላይ ተመቸኝ። እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ መጽሐፉ ከእጄ ወደቀ። ስነቃ፣ ፊት ለፊቴ ያለው የአርክቴክቱ ወንበር ወደ እኔ ጠጋ ያለ መሰለኝ። ቤት ውስጥ ማንም አልነበረም።

በሌላ ቀን ስነሳ ስፖንጁን አየሁት። መሃሉን ትቶ ወደ ግራ ሰርጉዷል።

እኔ ደግሞ ወፈር እላለሁ እንጂ ጠማማ አይደለሁም። የእኔ ቅርጽ አይደለም።

ከዚያ ቀሚሴ ጉድ አመጣ። በገዛ እጄ ለክቼ የሰፋሁት ቀሚስ በግራ በኩል መሬት መሳብ ጀመረ። ስፌቱ ተተርትሮ ይሆናል ብዬ ገልብጬ አየሁት፣ ደህና ነው። መስታወት ፊት ቆምኩ።

ጨርቁ አልረዘመም። የግራ ትከሻዬ ነው የወረደው።

ስፖንጁ የእኔን ቅርጽ አልያዘም... እኔ ነኝ የእሱን የያዝኩት።

"እስቲ እየኝ፣ ጎብጫለሁ?" አልኩት ባሌን።

"ያምርብሻል" አለኝ።

ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም።

በማግስቱ ጓዳ ሆኜ ሻይ ስጥድ ድምፁን ሰማሁ። ሳሎን ውስጥ ያንሾካሹካል።

"ትንሽ ታገሺ..."

እኔን መስሎኝ "ምን አልክ?" ልለው አፌን ከፈትኩ።

"ትንሽ ብቻ... እየለመደችው ነው።"

አፌ እንደተከፈተ ቀረ።

ቀስ ብዬ በበሩ ስንጥቅ አሾለቅኩ። ወንበሩ ሥር ተንበርክኮ የእንጨት እግሩን ዘይት ይቀባል። ሌላ ሰው የለም። ዓይኑ ግን መደገፊያው ላይ ነው። ሰው ቢቀመጥ ፊቱ የሚሆንበትን ቦታ ነው ቀና ብሎ የሚያየው።

"ማንን ነው የምታናግረው?"

ክው አለ። "ስ... ስልክ ነው። ደንበኛ።"

ስልኩ ጓዳ ውስጥ አጠገቤ ነበር። ራሱ ነው ቻርጅ ላይ ሰክቶት የወጣው።

ዓይኑን በጨው አጥቦ ዋሸኝ። ይህን ሁሉ ዘመን አብረን ስንኖር ሲዋሽ አይቼው አላውቅም፤ ሲዋሽ ፊቱ ምን እንደሚመስል ያን ዕለት ነው ያወቅኩት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከወንበሩ ይልቅ ያስፈራኝ ያ ፊት ነው።

"ከዛሬ ጀምሮ አልቀመጥም።"

"ነገ ብቻ። ነገ እሳቸው ያዩታል፣ በቃ ያልቃል።" እጄን ያዘኝ። "ለእኔ ብለሽ..."

ልቤ እምቢ እያለ እሺ አልኩት።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አርክቴክቱ መጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁና በመጀመሪያ ሰላም ያሉት ባዶውን ወንበር ነው። ጎንበስ ብለው፣ በአክብሮት። ከዚያ ነው ወደ እኔ የዞሩት።

"ቁጭ በይ ልጄ።"

ተቀመጥኩ። እሳቸውም ፊት ለፊቴ የራሳቸው ወንበር ላይ ተቀመጡ።

"ቀኝ እጅሽን ጉንጭሽ ላይ አድርጊ።"

"ለምን ጋሼ?"

በእጃቸው አሳዩኝ። ባሌን አየሁት።

"አድርጊው በናትሽ" አለ በሹክሹክታ።

አደረግኩ። ሽማግሌው ረጅም ሰዓት ተመለከቱኝ። ከዚያ በሴት ስም ጠሩኝ። የቁልምጫ ስም ነው፣ የእኔ ግን አይደለም።

"አቤት" አልኩ።

እኔ አይደለሁም ያልኩት! ከአፌ ወጣ እንጂ ድምፁ የእኔ አልነበረም። ቀጭን፣ ያረጀ፣ ከረጅም እንቅልፍ የነቃ ሰው ድምፅ ነው...

"መጣሽ?" አሉ እንባቸው እየወረደ።

"መጣሁ" አለ አፌ።

ባሌን በዓይኔ ፈለግኩት። አሁን ይጮሃል፣ አሁን ጎትቶ ያነሳኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቷል።

"እንግዲህ ጋሼ... ቡፌውን ዛሬ መጫን እችላለሁ?"

ቅስሜ ስብር አለ።

የወንበሩን እጀታ ተደግፌ በመከራ ተነሳሁ። "ሸጥከኝ?"

"ምን ማለትሽ ነው? ዕቃ ነሽ እንዴ የምሸጥሽ?"

"ታዲያ ምን አደረግከኝ?"

ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ቀስ ብሎ ተናገረ።

"እንደዚያ ያለ ቤት ዳግም አይገኝም እኮ። ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ።"

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መቀሴን አንስቼ የወንበሩን ልባስ ቀደድኩት። ያን የተረገመ አሮጌ ስፖንጅ ጎልጉዬ ላወጣው እጄን እስከ ክርኔ ከተትኩ።

የለም።

በገዛ እጄ አዲሱን የደረብኩበት ስፖንጅ የለም። ውስጡ ባዶ ነው። ባዶው ደግሞ ይሞቃል...

ሁለቱም አልከለከሉኝም። ሽማግሌው ብቻ በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ተይው የኔ ዓለም። አሁን ምን ያደርግልሻል?"

በሩን በርግጄ ወጣሁ።

መንገዱ የማውቀው መንገድ ነው፣ ጉልበቴ ግን አልታዘዝ አለኝ። እንደምንም አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። አንድ ጎረምሳ አየኝና ብድግ አለ።

"እማማ፣ እዚህ ይቀመጡ።"

ማንን ነው ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም።

እስክወርድ ድረስ ቆሜ ሄድኩ።

የሄድኩት ታናሽ እህቴ ጋ ነው። በአንድ ብርድ ልብስ ተጠቅልለን ያደግን ነን። እሷ ካቀፈችኝ ሁሉም ነገር ወደ ቦታው የሚመለስ መሰለኝ። አንኳኳሁ፣ ከፈተች። ልጠመጠምባት እጄን ዘረጋሁ።

ወደ ኋላ አለች። ፊቷ ላይ ደግነት አለ፤ ለማያውቁት ሰው የሚያሳዩት ዓይነት ደግነት።

"እንደምን ዋሉ እማማ። እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ! እህትሽ!"

"አዎ፣ እንደዚያ ይላሉ ብሎኛል።" ክርኔን ደገፈችኝ። "የእህቴ ባል ደውሎልኝ ነበር። ግራ የገባቸው አንድ እናት ይመጡብሽ ይሆናል፣ ተንከባከቢያቸው አለኝ። አይዞዎት፣ ባለቤትዎ እየመጡ ነው።"

"የምን ባለቤት?"

"አርክቴክቱ ናቸዋ!"

በልጅነቷ የአባታችንን ሰዓት ሰብራ እኔ እንደተገረፍኩላት ነገርኳት። ያንን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ የለም። ዓይኗ እንባ አቀረረ... ይኸው አወቀችኝ አልኩ።

"እህቴ ይሄንንም አጫወተችዎት?" አለች። "በጣም ብትወድዎት ነው።"



የዕቃ መጫኛ ፒክአፓችን መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። አርክቴክቱ ገቢና ተቀምጠዋል። ባሌ ከመሪው ወርዶ ወደ እኔ መጣ። ክንዴን ያዘ። ያንን እጅ አውቀዋለሁ፣ የእንጨት ዘይት ይሸታል።

"ቀስ ብለው እማማ" አለኝ።

እማማ! እኔን! የገዛ ባሌ!

ልጮህ ፈለግኩ፣ የወጣው ግን ያ ቀጭን ድምፅ ነው። እሱም ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ፣ እህቴ እንዳትሰማ፣ አንሾካሾከ።

"ይለምዱታል።"

ገቢና አስገባኝና በሩን በቀስታ ዘጋው። ሽማግሌው እጄን ያዙ። በተከፈተው መስኮት እህቴ ባሌን ስትጠይቀው እሰማለሁ።

"እህቴስ? ብቻህን መጣህ?"

"ኧረ ከኋላ ናት። ወንበሩ እንዳይገለበጥ ይዛልኝ ነው።"

አንገቴን አዙሬ በኋለኛው መስታወት አየሁ። ጭነቱ ላይ በገመድ የታሰረው ያ ወንበር ብቻ አለ። ፀሐይ አርፎበታል። ማንም አልተቀመጠበትም፣ ማንም አልያዘውም።

እህቴ ወደዚያ ዞራ ፊቷ በራ። እጇን ከፍ አድርጋ አውለበለበች።

"አንቺ! ምነው፣ አትወርጂም እንዴ?"

ከዚያ መልስ እንደምትሰማ ሁሉ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች።

እና ከት ብላ ሳቀች...