አንዳርጌ የረሳው ቁልፍ

አንዳርጌን የበደልኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ማንጠግቦሽ፣ አረቄ ሻጯ። መብራቱ ስለጠፋ ሻማውን ጠጋ አድርጉና ስሙኝ።

የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ቀን እንቅልፍ እንዳይጥለው ጫት ይቅማል፤ ማታ እዚችው ቤት ወርዶ ምርቃናውን በአረቄ ይሰብራል። ጨብሲ ይሉታል። በቅጠል ይነቃል፣ በመለኪያ ይደነዝዛል። ታዲያ ሰውየው መቼ ነው ራሱን የሚሆነው? ብዬ ጠየቅሁ? አልጠየቅሁም። ቀዳሁ።

የዚያን ዕለት ሰባት መለኪያ ጠጥቶ፣ ግድግዳውን ተደግፎ ወጣ። ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ መንገዱ ጭር ብሏል። ጠረጴዛው ላይ ምን ረስቶ ቢወጣ ጥሩ ነው? ቁልፉን! እግዜር አስረስቶት ነበር እኮ። እኔ ታማኟ ግን በባዶ እግሬ ተከትዬው ሮጥኩ።

«አንዳርጌ! ቁልፍህን!»

«ማንጠግብዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለኝ።

ታች መታጠፊያው ጋ፣ በመንገዱ ዳር የሚሄዱ ባልና ሚስት ገጭቶ ከነመኪናው ገደል ገባ።

ለቅሶው ላይ ምን አልኩ? «ያ መታጠፊያ ጋኔን አለበት!» አረቄዬን ላድን ጋኔን ፈጠርኩ። ሰዉም አምኖ ቦታውን ጠበል አስረጨ።

በዓመቱ፣ በዚያችው ማታ፣ ከደጅ ክላክስ ሰማሁ። ውሻ ነው አልኩ። ውሻ ክላክስ ይነፋል? ዞር ስል ወንበሩ ላይ እርጥብ የጫት ቅጠል። ንፋስ ነው አልኩ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ቁልፍ፤ የተጣመመ፣ አፈር የለበሰ። ከበሩም ውጭ፦

«ማንጠግብዬ፣ ቁልፌን አቀብይኝ።»

ምን ያደረግሁ ይመስላችኋል? አማተብኩ? ጀግናዋ ቁልፉን በበሩ ወርውሬ አልጋ ሥር ገባሁ! ወዲያው ታች መታጠፊያው ጋ፣ ጓ! በየዓመቱ ይመጣል፣ በየዓመቱ አቀብለዋለሁ። ስንት ጊዜ ገደልኩት?

ዛሬም ያቺው ማታ ናት። አንተ ሾፌሩ ሙላት፣ ኪስህን ምን ያስደባብስሃል? ቁልፍህ እኔ ጉያ ውስጥ ነው። ስትቅም ውለሃል፤ ሦስት መለኪያም የቀዳሁልህ እኔው ነኝ። «ደህና ነኝ» ትላለህ። እሱም ደህና ነበር።

ምን አልክ? «አቀብይኝ»? አፍህን አልከፈትክም? እናንተስ?

ታዲያ ከበሩ ውጭ ማነው? ጠረጴዛው ላይ ይሄን የተጣመመ ቁልፍ ማን አስቀመጠው?

ዛሬ አልጋ ሥር አልገባም፤ ወፍሬያለሁ፣ አይበቃኝም። ሁለቱንም ቁልፍ ጉያዬ ከትቻለሁ። ውስጥ ያለኸውም፣ ውጭ ያለኸውም ስማኝ፦

«አልሰጥም! ግባና ተኛ!»