መሰላሉን የያዘው ማን ነው?

የጋሽ ከበበው ሬሳ የተገኘው ለሽልማት በተደረደሩት ወንበሮች መካከል ነው። ጊዜው የ1990 ጥር መጨረሻ፣ ቦታው ጎፋ አካባቢ ያለ የስብሰባ አዳራሽ። መሰላሉ አጠገቡ ወድቋል፤ «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚለው ጨርቅ ባንድ ጫፉ ብቻ ተንጠልጥሏል። ሰውዬው የአስተናባሪዎች አለቃ ነበር፤ በየክብረ በዓሉ ሕዝብ እንዳይረጋገጥ ሲዋትት ሃያ ዓመት ኖሯል። ያሰለጠናቸው ልጆች የምስክር ወረቀት ሊቀበሉ የቀራቸው አንድ ሰዓት ነው። ወይ ጉድ!

ኢንስፔክተር አምሳለ ስትደርስ ሳጅኑ አስተናባሪውን ኑሪን ቀኝ እጁን በካቴና ይዞታል። ግራ ክንዱ ከጥምቀት ወዲህ በጀሶ እንደታሰረ ነው።

«እሱ ነው!» አለ የሟቹ ምክትል ራጉኤል እየተንቆራጠጠ። «ጠዋት ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። እኔ በር ላይ ነበርኩ፤ ከውጭ ማንም አልገባም፤ ልጆቹም ገና አልመጡም።»

«ሽልማቱ ይቅርብኝ ነው ያልኩት፣ ወላሂ!» አለ ኑሪ። «ኢንስፔክተር፣ በዚህ ልታሰር ነው?»

ሽልማት ይቅርብኝ ብሎ የሚጨቃጨቅ ሰው አምሳለን ግራ አጋባት። የሟቹን ኪስ ፈተሸች፤ የታጠፈ የምስክር ወረቀት አግኝታ አነበበችና ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ ዞረች።

«እትዬ በቀለች፣ ጋሽ ከበበው መሰላል ላይ ብቻውን ይወጣል?»

«እሱ? በጭራሽ! በሁለት እጁ ጥርቅም አድርጎ የሚይዝለት ሰው ካልቆመ አንድ ደረጃ አይረግጥም። እኛንም ስንቴ ተቆጥቶናል! ዛሬ እኔ ግቢ ከሹፌሩ ጋር ወንበር ሳወርድ ነበር እንጂ...» እንባዋ መጣ።

ሹፌሩም እውነት ነው አለ። አምሳለ ሁሉንም መድረኩ ሥር ሰበሰበች።

«መሰላሉን የያዘ ሰው ነበር፤ ሲወድቅም አይቶ ዝም ብሏል። ኑሪ አይደለም፤ ጋሽ ከበበው ባንድ እጅ ለሚይዝ ሰው ነፍሱን አይሰጥም። እትዬ በቀለችና ሹፌሩ ግቢ ነበሩ። ከውጭ ማንም እንዳልገባ የነገርከኝ አንተው ነህ። ራጉኤል፣ ማን ቀረ?»

«እኔ ምን አጣላኝ?»

ወረቀቱን ዘረጋችለት። «የዓመቱ አስተናባሪ አንተ ነህ ሲባል ሰንብቷል። እዚህ ላይ የተጻፈው ግን ኑሪ ነው። ጥምቀት ለት አጥሩ ሲወድቅ ሕዝቡን የመለሰው፣ ክንዱም የተሰበረው እሱ ነዋ!»

ኑሪ አንገቱን ደፋ። «ራጉኤልን ሰው ፊት አታዋርደው ብዬ ነበር የለመንኩት» አለ።

ራጉኤል ፊቱ አመድ መሰለ። «አልገፋሁትም! ከላይ ሆኖ አጥሩን ለቀህ ስለሮጥክ ስምህን ሰርዣለሁ ሲለኝ ደሜ ፈላ፤ መሰላሉን... ለቀቅኩት እንጂ!»

«ጥምቀት ለትም ለቀህ ነው የሮጥከው» አለችው።

ሳጅኑ ካቴናውን ወደ ራጉኤል አዛወረ። አምሳለ ወረቀቱን ለኑሪ ብትዘረጋለትም አልተቀበላትም።

«የሚሰጠኝ ጋሽ ከበበው ነበር» አለና ሬሳው አጠገብ ተቀምጦ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ።