መንገድ ያደከመው ሰዓት

ሟቹ በሥራ ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ቀኝ እጁ ካቻቢቴ እንደጨበጠ ነው። ከእግሩ ሥር እንደ ጡብ የሚከብድ የብረት ትራንስፎርመር ወድቋል፤ አንዱ ጠርዙ ደም ነክቶታል። ከትራንስፎርመሩ ኃይል ይወስድ የነበረው የጠረጴዛ ሰዓት ሽቦው ተነቅሎ ልክ ሰባት ሰዓት ላይ ቆሟል።

«ገዳዩ ትራንስፎርመሩን ብድግ ሲያደርግ የሰዓቱ ስፒና ተነቀለ፤ ሰዓቱም ቆመ» አለ ምክትሉ። «ሰባት ሰዓት ላይ ሞተ ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ምን ይነገረን፣ አለቃ?»

መርማሪዋ ወደ ሰዓቱ ጎንበስ አለች። ባልደረቦቿ «አይድረስ» ይሏታል። ዝናብ ካካፋ ጣራው ወረደ፣ ስልክ ሁለቴ ጠርቶ ካልተነሳ ሰው ሞተ የምትል ሴት ናት። ልጇ ከሰባት ወር በፊት ለትምህርት ወደ ውጭ ሲሄድ ሻንጣውን ሦስት ጊዜ ፈትታ እንደገና አስራዋለች። ለውጭ አገር ሶኬት የሚሆን አዳፕተርም የገዛችለት ከዚሁ ሕንጻ ምድር ቤት ካለው ሱቅ ነበር።

ሟቹን ሰፈሩ ሁሉ «ጋሽ ፊውዝ» ይለዋል፤ ቶሎ ይቃጠላል፣ ቶሎም ይቀየራል። እሱ ፎቅ ላይ ዕቃ ይጠግናል፣ ይፈትሻል፤ የሚስቱ ወንድም ደግሞ ታች ለመንገደኞች ስፒናና አዳፕተር ይሸጣል። ሚስቱ ካረፈች ዓመታት ቢያልፉም ሁለቱ አማቾች አልተለያዩም።

ሬሳውን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያገኙት ከፊት ለፊቱ ክፍል የሚሠሩት ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው።

«ቀኑ ሲጀምርም ክፉ ነበር፣ ልጄ» አሉ። «በምሳ ሰዓት ገደማ ፊውዝ ጮኸ። ‹ይሄ ሰው ይገድላል!› ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። የእህቱ ልጅ አብራው ነበረች። በኋላ ደግሞ አምፖሌ ተቃጠለብኝ። የስምንት ሰዓት ዜና ሲጀምር ልገዛ ብወርድ ሱቁ ዝግ! በጨለማ መርፌ ላይ ክር ልክተት? ስመለስ ጣቴን ወጋሁት፤ ይኸው።»

ጣታቸውን አሳዩ። ምክትሉ የጻፈው «ሰው ይገድላል» የሚለውን ብቻ ነበር።

የእህቱ ልጅ ነርስ ናት። በአጎቷ እጅ ያደገች ሲሆን፣ ውጭ የምትኖረው እናቷ ልትወስዳት ከመጣች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። በረራቸው ነገ ማታ ነው፤ የመግቢያ ፈቃዷ ከነገ ወዲያ ያበቃል።

«ጠዋት ከታች የገዛሁትን አዳፕተር ላሳየው ነው የመጣሁት» አለች ነርሷ። ዓይኗ አብጧል። «እሱ ሳያይልኝ ምንም አልሰካም። ፈታው፣ ውስጡን አየና ጮኸ። የጮኸው በአዳፕተሩ ላይ ነው እንጂ በእኔ ላይ አይደለም!»

«የታለ ታዲያ አዳፕተሩ?» አለ ምክትሉ።

«ጠረጴዛው ላይ ትቼው ወጣሁ።»

«ጠረጴዛው ላይ የለም። ስንት ሰዓት ወጣሽ?»

«ስልኬ ሞቶ ስለነበር ያን ሰዓት አየሁ። ስድስት ከሃያ ይላል። የቲኬት ቢሮ ቀጠሮዬ ሰባት ሰዓት ስለነበር ደስ አለኝ።»

«ቢሮው በእግር ሃያ ደቂቃ ነው። አንቺ ግን የደረስሽው ሰባት ከሠላሳ አምስት ነው፤ ተራ አስከባሪዋ መዝግባሻለች። ሌላውን ሰዓት የት ነበርሽ?»

«የትም! ቀጥታ ነው የሄድኩት! ስደርስ ‹ቀጠሮሽ አልፏል› ብለው እስከ ስምንት ተኩል አሰለፉኝ።» ልጅቷ በሁለት እጇ ራሷን ያዘች። «እኔም አልገባኝም እኮ!»

እናትየዋ ከበሩ ሆና ጣቷን ትነክሳለች። «እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» አለች። «ምን ሰዓት አሸከመኝ? ከምኖርበት አገር ለወንድሜ ያመጣሁት ስጦታ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በስልኬ አስተካክዬ ሰካንለት።»

«ደህና ይሠራ ነበር?» አለች መርማሪዋ።

«ምኑን ደህና! አራት ሰዓት ላይ ልወጣ ስል ሦስት ከአርባ ይላል። ‹አሳሳቱኝ፣ አሮጌ ነው የሸጡልኝ› ብለው ወንድሜ ሳቀብኝ። ‹ተይው፣ መንገድ አድክሞት ነው፤ ማታ እነግርሻለሁ› አለኝ።» ወደ ሰዓቱ አየች። «ማታ የታለ?»

አማችየው ግን ታች ሱቁ ውስጥ ሲጠየቅ መልሱ ሁሉ የተተኮሰ ሸሚዝ ይመስላል። «ከስድስት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ምሳ ቤት ነበርኩ፤ ሦስት ሰው ይመሰክራል። ከዚያ ሱቄን ከፍቼ እስክትጠሩኝ አልተነሳሁም።»

መርማሪዋ መደርደሪያውን አየች። መሃሉ ላይ አቧራ ያልነካው ባዶ ቦታ አለ። «እዚህ የነበረው ባለ ሦስት እግር አዳፕተር የለም?»

«ካለቀ ሳምንት አለፈው።»

ወደ ላይ ተመልሳ ተንበረከከች። ጉልበቷ ጮኸ፤ ምክትሉም በረጅሙ ተነፈሰ። ከጠረጴዛው እግር ኋላ የአዳፕተር ግማሽ ቅርፊት ከነሽቦው አገኘች። ቀና ስትል ዓይኗ ግድግዳው ላይ፣ ሟቹ ለመንገደኞች በእጁ ጽፎ ከለጠፈው ወረቀት ላይ አረፈ። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሰዓቱን ገልብጣ ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አየች።

«ይህን ሰዓትና ትራንስፎርመሩን ቢሮ አምጣልኝ» አለች።

«አለቃ፣ ልጅቷ ዋሽታለች። እንሰራትና እንገላገል!»

«ሰዓቱን አልኩህ።»

ቢሮ ገብታ ሰካችውና ከእጇ ሰዓት ጋር አስተካከለችው። አርባ ደቂቃ ላይ መብራት ጠፋ። ጥርሷን ነከሰች። መብራቱ ሲመጣ እንደገና ከዜሮ ጀመረች፤ በዚህኛው ጊዜ ማንም ሰው ክፍሉን እንዳይረግጥ በሩን ቆለፈችው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሁሉንም ጥገና ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ነርሷ ከእናቷ ጋር ተጣብቃ ቆማለች፤ ቀብሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው።

«ሁላችንም የሞተ ሰዓት አምነን አንዲት ልጅ ልንቀብር ነበር» አለች መርማሪዋ። «አባባ፣ ይህን ያንብቡልን።»

ልብስ ሰፊው መነጽራቸውን ገፋ አድርገው ከግድግዳው ላይ አነበቡ፤ «መንገደኛ ሆይ፣ ልብ በል። አዳፕተር የስፒናውን ቅርጽ ይቀይራል። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይራል። የመብራቱን ምት ግን አንዳቸውም አይቀይሩትም።»

«ይህ ሰዓት ደቂቃ የሚቆጥረው በመብራቱ ምት ነው። ከሥሩ እንደተጻፈው፣ የተሠራበት አገር መብራት በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ይመታል፤ የእኛ ሃምሳ ነው። ስለዚህ እዚህ ሲሰካ በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል። ትናንት ቢሮዬ ሰክቼ አይቼዋለሁ። ሟቹም ያውቅ ነበር፤ ለእህቱ ‹መንገድ አድክሞት ነው› ያላት እየቀለደ ነው።»

«አራት ሰዓት ላይ ሦስት ከአርባ!» አለች እናትየዋ።

«አዎ። ልጅሽ ስድስት ከሃያ ይላል ስትል እውነተኛው ሰዓት ሰባት ከአሥራ ሁለት ነበር። ሃያ ደቂቃ ብትሄጂበት የቲኬት ቢሮ በር ላይ ያደርስሻል። ያልዋሸችው እሷ ነች፤ የዋሸው ሰዓቱ ነው።»

ምክትሉ ማስታወሻውን ገልጦ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ደመረ። «ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ስድስት ሰዓት ሲያልፍ፣ አንድ ሙሉ ሰዓት ይጎድላል... ሰባት ሲል የቆመው ስምንት ሰዓት ላይ ነው!»

«ስምንት ሰዓት ላይ ነርሷ ሰልፍ ላይ ነበረች። እርስዎስ?» ወደ አማችየው ዞረች። «ሱቄን ከፍቼ ነበር ብለዋል። አባባ ግን በስምንት ሰዓት ዜና አምፖል ፍለጋ ወርደው ዝግ ሆኖ አገኙት።»

«ጣቴን ወግቼበት የለ!» አሉ ልብስ ሰፊው።

«አዳፕተሩ ካለቀ ሳምንት ሆኖታል አሉኝ፤ ልጅቷ ግን ትናንት ጠዋት ከእርስዎ ገዝታለች። ግማሹን ከዚህ ሲወስዱ ግማሹ ወደቀብዎት።» ቅርፊቱን አነሳች። «የመሬት ሽቦ መሆን ያለበት ኃይል ከሚያመጣው ሽቦ ጋር ተነካክቷል። በዚህ የብረት ማንቆርቆሪያ የሰካ ሰው የሚነካው ውሃ ማፍያ ሳይሆን መብራት ነው። ‹ይሄ ሰው ይገድላል› የተባለው ይኸው ነው። ቀሪውን የአዳፕተር ካርቶን ዛሬ ጠዋት ከቤትዎ ጓሮ አግኝተነዋል።»

አማችየው ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። «እመልሰዋለሁ፣ ሁለተኛም አልሸጥም አልኩት!» አለ። «እሱ ግን ‹ለገዙት ሁሉ አሁኑኑ ንገር› ብሎ ያዘኝ። የት አግኝቼ ልንገራቸው? አራት መቶ ሰው ነው፤ በየአገሩ ተበትኗል! ‹እንግዲያው እኔ እናገራለሁ› ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ...»

ነርሷ አላለቀሰችም። ከመሳቢያው ከአጎቷ ካቻቢቴዎች አንዱን አውጥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ቀብሬው እሄዳለሁ» አለች።

መርማሪዋ ግን «አራት መቶ» ከሚለው ቃል በኋላ ምንም አልሰማችም። ደረጃው ላይ ወጥታ ስልክ መታች። ጠራ፤ አልተነሳም። ደግማ መታች።

«እማዬ? ምን ሆንሽ?»

«ያ የገዛሁልህ አዳፕተር! አሁኑኑ ንቀለው! አይ፣ አትንካው! ተወው!»

«የቱ? እሱማ ከመጣሁ ቀን ጀምሮ ሻንጣ ውስጥ ነው። የዚህ አገር ሶኬት ቀዳዳው ሌላ ነው፤ አልገባም አለኝ። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። በሰባት ወር ውስጥ ስለ ልጇ ያልፈራችው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነበር። የተሳሳተ ዕቃ በመግዛቷ ፈጣሪዋን አመሰገነች። ከውስጥ ምክትሉ ስለ ሦስት መቶ ዘጠና ስምንቱ ሌሎች ገዢዎች ደጋግሞ ሲጠይቅ ይሰማል።

«እማዬ? አለሽ?»

«አለሁ» አለች እንባዋን በመዳፏ እየጠረገች። ከዚያ ፊቷ እንደገና ተኮሳተረ። «ታዲያ ሰባት ወር ሙሉ በምንድን ነው የምትሰካው?»