የጋቢናው ወንበር

መብረቅ የሚሉት መካኒክ ሞተር ሲያዳምጥ የሰፈር ውሻ እንኳ መጮህ ያቆምለታል ይባል ነበር። የላላች ብሎን ሦስት ሰፈር አሻግሮ ይሰማል። አንድ ቀን የጭነት መኪና በጋራዡ በር ሲያልፍ ከምሳው ቀና ብሎ፣ «የዚህ ሰውዬ የኋላ ጎማ ነገን አያይም» አለ። ጎማው ነገን መች ጠበቀ፤ መታጠፊያው ላይ ፈነዳ።

እሱ የነካው መኪና አይሄድም፣ ይበራል። ከጋራዡ ጎን ያለው ዳቦ ቤት በሞተር ድምፅ ብቻ የመስኮቱን መስታወት ሁለቴ ቀይሯል። ችግሩ አንድ ነበር። የመብረቅን መኪና ከራሱ ከመብረቅ በቀር ሳምንት ሙሉ የነዳ ሰው አልተገኘም። ወገብ ይሰብራል፣ መብራት ላይ ይጠፋል፣ ጉብታ ባገኘ ቁጥር ሆዱን ይፈጫል። ባለቤቶቹ በኩራት ይዘውት ይወጡና በታክሲ ይመለሳሉ።

አንድ ጠዋት ባለ ሁለት በር ቀይ የስፖርት መኪና እየተገፋች ወደ ጋራዡ ገባች። የምትገፋው አንዲት ወጣት ናት፤ በአንድ እጇ መሪውን ይዛለች፣ በሌላው የበሩን ምሰሶ። የእጇ አንጓ ላይ መርፌ የተሰካበት ትንሽ ትራስ አስራለች። ጋቢናው ውስጥ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሀል አቁመው፣ ሰልፍ እንደሚጎበኝ ጄኔራል ቀና ብለው ተቀምጠዋል።

«መብረቅ የሚሉት ማነው?» አለች ላቧን እየጠረገች።

«እኔ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አየችው። «ሲያወሩልህ ረዘም ትል ነበር።»

ጥግ ላይ ብረት የሚበይደው ሽማግሌ ባልደረባው ጭምብሉን ገልብጦ ሳቀ። ለሰባት መንደር የሚበቃ ምላስ ያለው መብረቅ ቁልፉን ከቀኝ እጁ ወደ ግራው ብቻ አዛወረ።

ልጅቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ የሙሽራ ቀሚስ ነው የምትሰፋው። መኪናዋ የአባቷ ናት። በጎልማሳነታቸው ከከተማው በላይ ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት በእሷ ሲወጡ ንፋስ ከኋላ ቀርቶ «ጠብቁኝ» ይል ነበር፤ እሳቸው እንዲያ ነው የሚሉት፣ እማኝ ግን የለም። አሁን መኪናዋ አርጅታለች፣ የእሳቸውም ወገብ እንዲሁ። አንድ የሆቴል ባለቤት ካልገዛኋት ብሎ ሙጥኝ ብሏል፤ በሆቴሉ በር ላይ ለጌጥ ሊያቆማት።

«አባዬ ሊሸጣት ነው» አለች ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እሷ ስትሄድ እሱም ከቤት መውጣት ይተዋል። አውቀዋለሁ።»

«ሹክሹክታው ይሰማኛል» አሉ አባት ከጋቢናው። «አንተ ልጅ፣ ስማ። ዳገቱን እንደ ድሮዋ ከወጣች፣ ሐኪም ቤትም ወስዳ ሳታንገላታ ከመለሰችኝ አልሸጣትም። ሁለቱንም ነው ያልኩህ። ለዳገቱ ብቻማ ፈረስ አለ፤ ለሐኪም ቤት ብቻም ታክሲ አለ።»

መብረቅ የሰማው ግማሹን ነው። ሌላውን ግማሽ የልጅቱ ዓይን በላበት።

ከዚያ በኋላ ሥራ ሳይሆን ጦርነት ሆነ። ሞተሩን አውርዶ በታተነው፤ ሲሊንደሮቹን አስጠረበ፤ አየር እንዲጎርስ ብሎ ከእሽቅድምድም መኪና የወጣ፣ ቫልቮቹን የሚከፍት ካምሻፍት አስገባለት። ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታ ቆርጦ ጣለ። ሞላዎቹን አሳጥሮ መኪናዋን መሬት ለመሬት አስተኛት፤ ጉንዳን ከሥሯ ለማለፍ ጎንበስ ማለት ነበረባት።

ልጅቱ ሱቋን ስትዘጋ በጋራዡ በኩል ታልፋለች። በርሜል ገልብጦ፣ ንጹሕ ጨርቅ ዘርግቶ ያስቀምጣታል። እሱ ስለ ሞተር ያወራል፣ እሷ ስለ ሙሽሮች። ወሬው ሲያልቅም አንዳቸውም ለመነሣት አይቸኩሉም።

«ሙሽራ ቆማ ብቻ አትለካም» አለችው አንድ ምሽት። «ቆማማ ሁሉም ያምርባታል። አስቀምጣታለሁ፣ አጎነብሳታለሁ፣ አስቃታለሁ። ስትስቅ ያልተቀደደ ቀሚስ፣ እሱ ቀሚስ ነው።»

«ልክ ነሽ» አለ መብረቅ። ድምጿን እንጂ ቃሉን አልሰማም።

በማግስቱ መኪናዋ የበለጠ እንድትቀል የጋቢናውን ወንበር ፈቶ አወጣና ከግድግዳው አስደገፈው። በያጁ ምሳውን እዚያ ላይ ተደላድሎ በላ። «እንዳትመልሰው አደራ» አለው። «ከቤቴ ወንበር ይሻላል።»

የርክክቡ ቀን አባትና ልጅ ተደጋግፈው መጡ። መብረቅ ቁልፉን አዞረ። መኪናዋ አገሣች፤ ርግቦች ከጣሪያው ተነሡ፣ ዳቦ ቤቱ መስኮቱን በሁለት እጁ ያዘ። መብረቅ ፊቱ በርቶ ልጅቱን አያት።

እሷ ግን በበሩ መስኮት ወደ ውስጥ እያየች ነበር።

«ወንበሩስ?»

«እሱማ ትርፍ ክብደት ነው። ለዳገቱ…»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ተደግፈው ባዶውን ቦታ አዩት። በመኪናው ውስጥ ለእሳቸው የቀረው አራት የብሎን ቀዳዳ ነው።

«ክብደቱ እኔ ነኝ ማለት ነው» አሉ ረጋ ብለው። በቁጣ አልነበረም፤ በቁጣ ቢሆን ይሻል ነበር። «ልጄ፣ የሆቴሉን ሰውዬ ቅዳሜ ይምጣ በይው።»

ልጅቱ መሪው ላይ ተቀምጣ ለማውጣት ሞከረች። እግሯን ከፔዳሉ ስታነሣ ፍሪሲዮኑ እንደ በቅሎ ደነበረ፤ መኪናዋ ዘለለች፣ ሞተሯም ጠፋ። ደግማ አስነሣቻት፤ በሩ ላይ ያለው ጉብታ ጋ ስትደርስ ሆዷ ተፋጨ፣ ሞተሩም ጠፋ። ልጅቱ ወርዳ በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

«ይህን መኪና የሠራኸው ለአንድ ሰው ነው» አለችው። «ያ ሰው ደግሞ አንተ ነህ።»

አባቷን ክንዳቸውን ይዛ ሄደች። መብረቅ ሦስት ሰፈር አሻግሮ የሚሰማው ጆሮው የከዘራውን ኳኳታ ረጅም መንገድ ተከተለው።

በያጁ ጭምብሉን አወለቀ። ቀልድ ያመጣል ብሎ መብረቅ ጠበቀ፤ አላመጣም። ከግድግዳው ከተደገፈው የጋቢና ወንበር ተነሣና፣ «ና ተቀመጥ» አለው።

መብረቅ ተቀመጠ። ስንት መኪና ሲያበር ኖሮ ጋቢና ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ወንበሩ ላይ የልጅቱ አባት ጀርባ ለዓመታት ያሰረጎደው ጎድጓዳ ነበር። ልጅቱ ሙሽራ ቆማ ብቻ አትለካም ያለችው ያን ጊዜ ነው ጆሮው የገባው።

በማግስቱ ሱቋ ሄደ። ነጫጭ ቀሚሶች ከኮርኒሱ ተንጠልጥለዋል፤ መሀላቸው ሲቆም ወተት ውስጥ የወደቀ ዝንብ መሰለ። ልጅቱ ስፒል በከንፈሯ ይዛለች።

«ምንም አትንካ» አለችው በስፒሎቹ መሀል።

«አልነካም። አባትሽን ልለካ ፈልጌ ነው። ተቀምጠው።»

ስፒሎቹን አንድ በአንድ ከከንፈሯ አወጣች። የመጨረሻዋን አንጓዋ ላይ ባለው ትራስ ሰካች።

«እሱ አኩርፏል» አለች።

«አንቺስ?»

«እኔም አኩርፌያለሁ።» ሜትሯን ከአንገቷ አወረደችና በእጇ ጠቀለለች። «ግን ለልኬት ተጠርቼ ቀርቼ አላውቅም።»

ሽማግሌውን ለማምጣት ግን መብረቅ ራሱ ቤታቸው ድረስ መሄድ ነበረበት። በራፉ ላይ ቆሞ፣ በአፉ ስንት ዳገት የወጣው ሰው፣ አንገቱን ደፋ።

«አባባ፣ ይቅር ይበሉኝ። ትርፍ ክብደቱ እኔ ነበርኩ።»

አባት ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ልክ እንደ ልጃቸው። «ቢመዝኑህ ያን ያህልም አትሆን» አሉ። ከዚያ ከዘራቸውን ፈለጉ።

ወንበሩ ወደ ቦታው ተመለሰ። አባት ጋቢና፣ ልጅ መሪው ላይ ተቀመጡ፤ መብረቅ በደረቱ ተኝቶ መኪናዋ በሁለቱ ሥር ምን ያህል እንደምትጎብጥ አየ። ባዶ ሆና የቆመችና ሰው የተቀመጠባት ሁለት የተለያዩ መኪናዎች ነበሩ። ሞላዎቹን ለባዶዋ ሳይሆን ለእነዚህ ሁለት ሰዎች መረጠ። ያን የእሽቅድምድም ካምሻፍት አውጥቶ ለስለስ ያለ አስገባ፤ የሞተሩ ጉልበት ከላይ ጥቂት ቀነሰ፣ ከታች ግን፣ ሰው በየቀኑ በሚነዳበት ፍጥነት፣ ጨመረ። ፍሪሲዮኑን አለዘበ፣ ማርሚታውን መለሰ፣ ፍሬኑንና ጎማዎቹን አሳደሰ። ልጅቱ የወንበሩን ልብስ ፈትታ እንደገና ሰፋችው፤ አባቷ ሲነሡ እንዲያግዛቸው የፊቱን ጠርዝ ከፍ አደረገችው፣ የጀርባቸውን ጎድጓዳ ግን እንዳለ ተወችው።

ከጎማው ከላዩ እስካለው ሽፋን፣ እስከ ፓራፋንጎው ድረስ ያለውን ክፍተት በእሷ ሜትር ይለኩ ነበር። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እሷ ይዘው። መለካቱ ካለቀ በኋላም አንዳቸውም ጫፋቸውን አልለቀቁም።

«ልኬቱ ስንት ሆነ?» አሉ አባት ከጋቢናው።

አባት ጉሮሯቸውን ጠርገው ወደ ሌላ ወገን ዞሩ።

ቅዳሜ የሆቴሉ ባለቤት በአዲስ መኪናው መጣ። አባት፣ «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ተከተለን» አሉትና ጋቢናቸው ገቡ። መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ ነው የምትይዘው። ልጅቱ መሪውን ያዘች፤ መብረቅ ከዳገቱ ሥር ቀረ።

ከዚያ በኋላ ሥራው የጆሮው ነበር። ሁለተኛ ማርሽ ሰማ። ሦስተኛ። የመጀመሪያው መታጠፊያ፤ የፍሬኑን ትንፋሽ፣ ከዚያ ሞተሩ ሳያንገራግር ሲነሣ። የሆቴሉ ባለቤት መኪና ከኋላ እያቃሰተ ራቀ። ንፋስም የዚያን ቀን፣ አባት በኋላ እንደማሉት፣ ከነጭራሹ አልተወዳደረም፤ ቁጭ ብሎ አየ።

ከዚያ ጸጥ አለ።

መብረቅ ጠበቀ። ምንም የለም። ሞተሯ ጠፍቶ ይሆን? ዓይኑን ጨፍኖ ጆሮውን ወደ ዳገቱ አቀና፤ ከወፍ በቀር የሚሰማ የለም።

«አንተ» አለ የሽማግሌ ድምፅ ከአጠገቡ። «ቆመህ ነው የምትተኛው?»

ዓይኑን ገለጠ። ዳገቱን ወጥታ የተመለሰችው ቀይ መኪና አንድ ክንድ ርቀት ላይ፣ ሞተሯ እየሠራ፣ እንደ ጠገበች ድመት እያንኮራፋች ቆማለች። ሦስት ሰፈር አሻግሮ ብሎን የሚሰማው መብረቅ ራሱ የሠራትን መኪና ስትመጣ አልሰማትም።

አባት እግራቸውን አውጥተው፣ የወንበሩን ጠርዝ ተደግፈው፣ ማንም ሳይነካቸው ወረዱ። ዘግይቶ የደረሰውን የሆቴል ባለቤት፣ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ዳገቱን ወጥታለች፤ ወገቤንም አላንገላታችም፣ ሐኪም ቤትም በእሷ ነው የምሄደው። የሚሸጥ የለም» አሉት። ወደ መብረቅ ዞሩ።

«ግባ።»

«የት ልግባ?»

«ጋቢና ነዋ። የሠራኸውን ተቀምጠህ ቅመሰው እንጂ። እኔን ይህ ሰውዬ ያደርሰኛል፤ አዲስ መኪና አለው።»

መብረቅ ገባ። እጁን የት እንደሚያኖር አላወቀም፤ ጉልበቱ ላይ አደረገው።

«ክር አልቆብኛል» አለች ልጅቱ ማርሽ እያስገባች። «ገበያ መሄዴ ነው። በዳገቱ አይደለም፣ በሰው መንገድ ነው። ይሰለችህ ይሆን?»

«ቀስ ብለሽ ንጂ» አለ መብረቅ። ይህን ቃል ከአፉ የሰማ ሰው እስከዚያ ቀን አልተወለደም።

መንገዱ በመኪና ተዘጋግቶ ነበር። ቆሙ፤ ተንፏቀቁ፤ ደግሞ ቆሙ። ሞተሩ አልጠፋም፣ ወሬያቸውም አላለቀም። ሌላው ሁሉ ጥሩምባውን ሲነፋ መብረቅ መንገዱ ባልተከፈተ ብሎ ተመኘ።

ዓመት ሳይሞላ ልጅቱ ለራሷ የሙሽራ ቀሚስ ሰፋች። ቆማ ለካችው፤ ጎንበስ ብላ ለካችው፤ ስቃ ለካችው። በመጨረሻም ቀይዋ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረገጠች፤ አንድ ስፌት አልተበጠሰም።

በሠርጉ ቀን የከተማው ሰው ሙሽራዋ ስትነዳ፣ ሙሽራው ጋቢና ላይ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሲሄድ አየ። ዳቦ ቤቱ መስኮቱን አልያዘም። አባት ከበያጁ ጋር ከኋላ በታክሲ እየተከተሉ፣ «ይኸው» ይሉ ነበር ላገኙት ሁሉ፣ «ከገዛ ወንበሬ ተነሣሁ።» ይህን ሲሉ ግን ፊታቸው እንደዚያ ቀን በርቶ አያውቅም።