እትዬ ተሾመችን ያጠፋሁበት ሥዕል

ማመን አለማመን የእናንተ ነው... እኔ የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰውን ነው።

1991 ዓ.ም.፣ ኅዳር ወር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ጎፋ፣ ስሙን የማልጠራው መሥሪያ ቤት፣ ሁለተኛ ፎቅ። ውጭው ጠራራ ፀሐይ ነበር።

ያኔ ኮምፒውተር ብርቅ ነው። እኔ የሠራተኞችን ማኅደር ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባ ፕሮግራም እየሠራሁ ነበር። መጀመሪያ ግን ሥዕሉ ይቀድማል። በትልቅ ወረቀት መሃል ክብ ትስላለህ፤ ፕሮግራሙ እሱ ነው። ዙሪያውን ሳጥኖች አሉ፤ መረጃ የሚሰጡትና የሚቀበሉት ሰዎች ናቸው። በቀስት ይገናኛሉ። በየቀስቱ ላይ የሚተላለፈው ነገር ይጻፋል።

ሳጥን የሌለው ሰው ሥራ የለውም።

የመዝገብ ቤቷ እትዬ ተሾመች አንድ ሳጥን ነበራቸው። ታዲያ ስብሰባ ላይ፣ ሥራ አስኪያጁ ፊት...

«ልጄ፣ ቀስቴን ገልብጠኸዋል። እኔ ማኅደር ሰጪ ነኝ እንጂ ተቀባይ አይደለሁም» አሉኝ።

ሰው ሁሉ ሳቀብኝ። ልክ ነበሩ... ያንገበገበኝም እሱ ነው።

በማግስቱ ሳጥናቸውን በላጲስ አጠፋሁት። «ሲስተሙ አይፈልጋቸውም» ብዬ ፈረምኩ። ከሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎት በኋላ ተሰናበቱ። ደስ አለኝ፣ አልዋሻችሁም።

ሲወጡ የቢሮዬ በር ላይ ቆሙ።

«ቀስቱን እኔ አስተካክለዋለሁ።»

በወሩ ሞቱ።

እሳቸው ከሞቱ በኋላ፣ ያን የኅዳር ቀን፣ ከምሳ ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ሥዕል ቀና ብዬ ሳይ...

ሳጥኑ ተመልሷል።

አብራኝ የምትሠራው ሚካል ጠጋ ብላ አየችው።

«ዳኜ... የእሳቸው እጅ ጽሑፍ ነው» አለች በሹክሹክታ።

«ዝም በይ።»

«ቀስቱ... ወደ ክቡ አይሄድም።»

እውነቷን ነው። ቀስቱ ከወረቀቱ ወጥቷል... በግድግዳው ወርዷል... ወለሉን አቋርጦ ወንበሬ ሥር ገብቷል።

ሚካል ጎንበስ ብላ መስመሩ ላይ የተጻፈውን አነበበች።

«የዳኜ ማኅደር... ይዘጋ።»

ብድግ ብዬ ወደ በሩ ሸሸሁ። ዘወር ስል መስመሩ ተከትሎኛል። ጫፉ ጫማዬ ሥር ነው።

ጫማዬን አወለቅኩ። ካልሲዬንም።

ውስጥ እግሬ ላይ በእርሳስ የተሳለች ትንሽ ሳጥን አለች... ባዶ።

በምራቄ ፈተግኳት። አልለቀቀችም።

ከዚያ የማይታይ እርሳስ ቆዳዬን ወጋ አደረገኝና... ሳጥኗ ውስጥ ስሜን ቀስ ብሎ መጻፍ ጀመረ።